ጋራዥን መለወጥ ወይስ ቤትን ማስፋት? በሎስ አንጀለስ ለሚኖሩ የቤት ባለቤቶች የአሠራር መመሪያ

በሎስ አንጀለስና በዙሪያዋ ቤት ገዝተው የሚኖሩ ብዙ ወገኖቻችን ከጥቂት ዓመታት በኋላ ቤቱ ይጠብባቸዋል። ልጆች አድገው የየራሳቸውን ክፍል ይፈልጋሉ፤ እናት ወይም አባት ከአገር ቤት መጥተው አብረው መኖር ይጀምራሉ፤ ለሞርጌጁም ትንሽ የኪራይ ገቢ ቢገኝ መልካም ነበር ይባላል። ቀድሞ በዝቅተኛ ወለድ የተገዛውን ቤት ሸጦ ሰፋ ያለ መግዛት የማያዋጣ ሲሆን ምርጫው ወደ ሁለት ይወርዳል፦ ያለውን ጋራዥ ወደ መኖሪያ መለወጥ፣ አለዚያም ከነባሩ ቤት ጋር አያይዞ አዲስ ክፍል መሥራት።

አብዛኛው ሰው ወደ ጋራዡ የሚያደላው ግድግዳውና ጣሪያው ቆሞ ስለሚያየው ነው። ጋራዥ ግን የተሠራው ለመኪና ነው። ወለሉ፣ መሠረቱና የግድግዳው እግር ሰው እንዲኖርበት ታስቦ የተሠራ ባለመሆኑ፣ ርካሽ የተባለው ሥራ መሀል ላይ ሲደርስ ከአዲስ ግንባታ እኩል ገንዘብ ሊበላ ይችላል። ስለዚህ አርክቴክት ከመቅጠርዎ በፊት የጋራዡን ወለልና የፍሳሽ መስመሩን ጥልቀት እንዲያውቁ አጥብቄ እመክራለሁ፤ በእኔ እምነት ከሁሉ በላይ ውሳኔውን የሚሰጡት እነዚህ ሁለቱ ናቸው። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች በቅደም ተከተል የተቀመጡት የመጀመሪያዎቹ ምንም ገንዘብ ስለማይጠይቁ ነው።

አንደኛ ደረጃ፦ ማን እንደሚኖርበት ይወስኑ

ለኪራይ የሚሠራ ቤት የራሱ መግቢያ፣ የራሱ ወጥ ቤትና መታጠቢያ ቤት፣ ከዋናው ቤትም የተወሰነ ርቀት ቢኖረው ለተከራዩም ለባለቤቱም ይመቻል፤ በጓሮ ጥግ የቆመ ጋራዥ ለዚህ ተስማሚ ነው። ለልጆች መኝታ ብቻ ከሆነ ሁለተኛ ወጥ ቤት አያስፈልግም፤ ከቤቱ ጋር የተያያዘ ክፍል ይበቃል።

የሚኖሩበት ወላጅ ከሆኑ ግን ጉዳዩ ረጋ ብሎ መታየት አለበት። ደኅና የሚንቀሳቀሱ፣ በራሳቸው ጊዜ ቡና አፍልተው ጎረቤት መጥራት የሚወዱ እናት በራሳቸው ቤት ደስ ብሏቸው ይኖራሉ። ጋራዥ ከመሬት ጋር እኩል ስለሆነ ደረጃ መውጣትና መውረድም አይኖርባቸውም፤ በአንጻሩ በርካታ የከተማዋ አሮጌ ቤቶች ወለላቸው ከመሬት ከፍ ብሎ ከሥሩ ባዶ ቦታ ያለው በመሆኑ፣ የእነሱን ወለል ተከትሎ የሚሠራ ማስፋፊያ ወደ ጓሮ የሚወጣበት በር ደረጃ ይኖረዋል። ሆኖም ሌሊት የሚነሡ፣ መድኃኒት በሰዓቱ ሊሰጣቸው የሚገባ ወይም መርሳት የጀመሩ ወላጅ በጓሮ ብቻቸውን ማደር የለባቸውም። ለእሳቸው የሚያስፈልገው ሲጠሩ ድምፃቸው የሚሰማበት ክፍል ነው፤ ይህ ከሆነ ዋጋው ቢበልጥም ማስፋፊያውን ይምረጡ፤ የሚቀጥሉትን ሁለት ደረጃዎችም ሳያነቡ ወደ አራተኛው ማለፍ ይችላሉ።

ሁለተኛ ደረጃ፦ ጋራዡን በገዛ እጅዎ ይመርምሩ

ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው ሜትር፣ ረዘም ያለ ውሃ ልክ፣ ካቻቢቴ፣ የፕላስቲክ ሸራ ቁራጭና ሸራውን ወለሉ ላይ የሚያጣብቅ ፕላስተር ነው። ዕቃውን ሁሉ ከግድግዳው ያርቁ፤ በካርቶን የተሸፈነ ግድግዳ የሚደብቀው ብዙ ነው።

መጀመሪያ ስፋቱን ይለኩ። የአንድ መኪና ጋራዥ ብዙ ጊዜ ከ240 ስኩዌር ፊት ብዙም አይርቅም፤ ባለ ሁለት መኪናው 20 በ20 ጫማ ቢሆን 400 ስኩዌር ፊት ይወጣዋል። በ240 ውስጥ መኝታ፣ መታጠቢያና አነስተኛ ወጥ ቤት ማስገባት ቢቻልም ለሁለት ሰው ይጨንቃል፤ በ400 ውስጥ ግን ባለ አንድ መኝታ ቤት የሆነ መኖሪያ በወጉ ይወጣል።

ቀጥሎ ከፍታውን ይለኩ። በካሊፎርኒያ የግንባታ ደንብ መሠረት ሰው የሚኖርበት ክፍል ከወለል እስከ ኮርኒስ ቢያንስ 7 ጫማ መሆን አለበት። ሜትሩን ዘርግተው የሚለኩት እስከ ጣሪያው ጫፍ አይደለም፤ ግድግዳን ከግድግዳ እስከሚያያይዙት አግዳሚ እንጨቶች የታችኛው ጠርዝ ድረስ ነው። ከዚያ ላይ ደግሞ ለኮርኒሱና ወለሉን ለማስተካከል የሚሄደውን ይቀንሱ። ወለሉ የሚስተካከለው የጋራዥ ወለል ውሃ እንዲያወጣ ወደ በሩ ዘንበል ተደርጎ ስለሚፈስ ነው። ውሃ ልኩን ከኋላው ግድግዳ እስከ በሩ ድረስ እያስቀመጡ ዝቅታውን በኢንች ይመዝግቡ፤ በ20 ጫማ ርዝመት ላይ የሦስት ኢንች ልዩነት ቢያገኙ አይደነቁ። ያንን ሦስት ኢንች በኮንክሪት ወይም በእንጨት ወለል ሞልቶ ማስተካከል ይቻላል፤ ነገር ግን በጠባቡ በኩል ከፍታው 7 ጫማ ብቻ ከነበረ ሒሳቡ እዚያው ይፈርሳል፤ ጣሪያውን ማንሣት የግድ ይሆናል።

ሦስተኛው እርጥበት ነው። የአሮጌ ጋራዥ ወለል ከሥሩ እርጥበት የሚከላከል ላስቲክ ሳይነጠፍለት በቀጥታ አፈር ላይ የፈሰሰ ሊሆን ይችላል። ሁለት ጫማ በሁለት ጫማ የሆነ ግልጽ ፕላስቲክ ሸራ ወለሉ ላይ ዘርግተው አራቱንም ጠርዝ አየር እንዳያስገባ አድርገው ይለጥፉና ለ24 ሰዓት ይተዉት። ሲያነሡት ከሥሩ ወዝ ካለ ወይም ኮንክሪቱ ጠቆር ብሎ ከታየ፣ ላዩ ላይ የሚነጠፈው እንጨት በጊዜ ብዛት እንደሚያብጥና እንደሚሻግት ይወቁ። ሥራው ያን ጊዜ ወይ ወለሉን ቆፍሮ እንደገና ማፍሰስ፣ ወይም በላዩ ላይ የእርጥበት መከላከያ ማድረግ ነው። ሙከራው በዝናቡ ወራት፣ ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ፣ ቢደረግ እውነቱን ይበልጥ ያሳያል።

አራተኛውና ብዙ ሰው የሚረሳው የግድግዳው እግር ነው። የእንጨት ግድግዳ መሠረቱ ላይ የሚያርፈው ከታች በተጋደመ አንድ ረጅም ጣውላ ነው። በዙሪያው ጎንበስ እያሉ ይህን ጣውላ በየሁለት ጫማው በካቻቢቴ ጫፍ ወጋ ያድርጉት። ጤነኛ እንጨት ይመክታል፤ የበሰበሰ ወይም ምስጥ የበላው ግን ካቻቢቴውን እንደ ዳቦ ይቀበለዋል። በተለይ ከጎረቤት አጥር ጋር የሚዋሰነው ግድግዳና የአትክልት ውሃ የሚደርስበት ማዕዘን መታየት አለባቸው፤ በዓመታት ውስጥ አፈሩ ከፍ እያለ መጥቶ ከእንጨቱ ጋር ተገናኝቶ ሊሆን ይችላልና። ደንቡ በመሠረት ላይ የሚያርፍ እንጨት ከውጭው አፈር ቢያንስ 8 ኢንች ከፍ እንዲል ይፈልጋል፤ የአሮጌ ጋራዥ የመሠረት ጠርዝ ግን አንዳንድ ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ኢንች ብቻ ነው።

በመጨረሻም ጣውላው በቡሎን ከመሠረቱ ጋር መታሰሩን ይመልከቱ። እ.ኤ.አ. ጥር 17 ቀን 1994 በኖርዝሪጅ የደረሰውና 6.7 የተመዘገበው የመሬት መንቀጥቀጥ በዚህ ከተማ ላሉ ግንበኞች ሁሉ ትምህርት ሆኖ ቀርቷል። ጋራዥ በአንድ ፊቱ ሰፊ በር ስላለውና ከበሩ ግራና ቀኝ የሚቀረው ግድግዳ ቀጭን ስለሆነ ሲናወጥ በዚያ በኩል ይዘማል። በሩ ሲዘጋ ጠንካራ ግድግዳ ለመሥራት ጥሩ ዕድል ይገኛል፤ ነገር ግን በሩ በነበረበት መስመር ሥር ብዙ ጊዜ መሠረት የለም፤ ከኮንክሪቱ ወለል በቀር ምንም አልተቆፈረም። ስለዚህ «በሩን በግድግዳ እንዘጋዋለን» ብሎ ዋጋ የሚሰጥ ኮንትራክተር ካለ፣ መሠረቱን አስልቶ እንደሆነ ይጠይቁት።

ከእነዚህ ነጥቦች አንዱ ቢጎድል ይጠገናል። የግድግዳው እግር በስብሶ፣ ወለሉም ተሰነጣጥቆ፣ ከፍታውም ካልበቃ ግን እያሰቡ ያሉት መለወጥ አይደለም፤ በቁራጭ በቁራጭ አዲስ ቤት መሥራት ነው። እንዲህ ሲሆን ብዙዎች የማያውቁት ሦስተኛ መንገድ አለ፦ የካሊፎርኒያ ሕግ ጋራዡን አፍርሶ በዚያው ቦታና በዚያው መጠን ኤዲዩ፣ ማለትም ተጨማሪ መኖሪያ ቤት፣ አድርጎ እንደገና መሥራትን ይፈቅዳል፤ አሮጌው ጋራዥ በአጥሩ ጥግ ላይ ቆሞ ከነበረ አዲሱም በዚያው መስመር ላይ መቆም ይችላል። ጋራዡ ክፉኛ የተጎዳ ከሆነ ይህን መንገድ ከሁሉ አስቀድሜ እመርጠዋለሁ፤ ንጹሕ መሠረትና እርጥበት የማያሳልፍ ወለል ከመጀመሪያው ስለሚገኝ።

ሦስተኛ ደረጃ፦ ፍሳሹንና ኤሌክትሪኩን ያስሉ

ፍሳሽ የሚወርደው በራሱ ክብደት ነው፤ ቧንቧው በየአንዱ ጫማ ሩብ ኢንች ዝቅ ማለት አለበት። ጋራዡ በጓሮ ከሆነና ወደ መንገዱ ከሚሄደው የቤቱ ፍሳሽ መስመር ጋር የሚገናኝበት ቦታ 60 ጫማ ቢርቅ፣ ቧንቧው 15 ኢንች መውረድ ይኖርበታል። ከመጸዳጃው ሥር ሲነሣ ቀድሞውኑ ከወለሉ 12 ኢንች ያህል ጠልቆ ከሆነ፣ መገናኛው ላይ ሲደርስ ከጋራዡ ወለል በ27 ኢንች ዝቅ ብሏል ማለት ነው። አሁን ጥያቄው ነባሩ መስመር በዚያ ቦታ ከዚህ የበለጠ ጥልቀት አለው ወይ የሚል ነው። ከሌለው ወይ መስመሩን እስከ መንገዱ ድረስ እንደ አዲስ መቅበር፣ ወይም ፍሳሹን በፓምፕ መግፋት ይጠይቃል። ፓምፕ ይሠራል፤ ነገር ግን መብራት ሲጠፋ ይቆማል፣ ድምፁ ይሰማል፣ አንድ ቀንም ይበላሻል። ወላጅ ለሚኖሩበት ቤት ፓምፕን የመጨረሻ አማራጭ ያድርጉት።

ጥልቀቱን ለማወቅ የቧንቧ ባለሙያ በካሜራ እንዲያይ ማድረግ በዚህ ጉዳይ ከሚወጡት ሳንቲሞች ሁሉ የሚያዋጣው ነው። አሮጌ ቤቶች ከሸክላ የተሠራ የፍሳሽ ቧንቧ ሊኖራቸው ይችላል፤ የዛፍ ሥር በመገጣጠሚያዎቹ ገብቶ የዘጋው ከሆነ ተጨማሪ መታጠቢያ ቤት ከመጨመር በፊት መታደስ አለበት። ማስፋፊያ ከነባሩ መታጠቢያ ጀርባ ቢሠራ ይህ ሁሉ ጣጣ በአሥር ጫማ ቧንቧ ሊያልቅ ይችላል፤ ከጋራዥ ይልቅ የማስፋፊያው ትልቁ ጥቅም በእውነቱ እዚህ ላይ ነው።

ኤሌክትሪኩን በተመለከተ ዋናውን ፓነል ከፍተው በትልቁ ብሬከር ላይ የተጻፈውን ቁጥር ያንብቡ። 100 አምፔር ከሆነ አየር ማቀዝቀዣ፣ ምድጃና የውሃ ማሞቂያ ያለው ተጨማሪ ቤት ሲቀጠልበት ወደ 200 ማሳደግ ሊያስፈልግ ይችላል፤ ይህም ከውሃና መብራት መሥሪያ ቤቱ ጋር ቀጠሮ የሚጠይቅ በመሆኑ ጊዜ ይወስዳል።

እዚህ ላይ ኮንትራክተሩ የማያውቀውን አንድ ነገር እርስዎ መንገር አለብዎት። የእንጀራ ምጣድ 1,500 ዋት ቢሆን በ120 ቮልት መስመር ላይ 12.5 አምፔር ይስባል፤ ማቀዝቀዣና ማይክሮዌቭ በተሰካበት መስመር ላይ ሲደረብ ብሬከሩ ይወርዳል። ለምጣዱ ብቻ የተለየ ባለ 20 አምፔር መስመር በፕላኑ ላይ እንዲሣል ያድርጉ፤ ግድግዳው ከተዘጋ በኋላ መጨመር ብዙ ዋጋ አለው። በተጨማሪም በ400 ስኩዌር ፊት ቤት ውስጥ የእንጀራ እንፋሎትና የወጥ ሽታ የሚሄድበት የለውም፤ ከምድጃው በላይ ያለው ማራገቢያ አየሩን አጣርቶ ወደ ቤት የሚመልስ ሳይሆን በቱቦ ወደ ውጭ የሚያስወጣ ይሁን።

አራተኛ ደረጃ፦ የማስፋፊያውን ቦታ ይመርምሩ

ወደ ኋላ ወይም ወደ ጎን የሚሠራ ክፍል የሚጣበቅበት ግድግዳ ላይ መስኮት አለ። ማስፋፊያ ሲያስቡ መጀመሪያ የሚጠየቀው ያ መስኮት የማን ነው የሚለው ነው። የመኝታ ቤት ከሆነ አዲሱ ክፍል ሲዘጋው አሮጌው መኝታ ቤት ብርሃኑንም ከእሳት ማምለጫውንም ያጣል፤ ደንቡ ደግሞ እያንዳንዱ መኝታ ቤት በቀጥታ ወደ ውጭ የሚያስወጣ በር ወይም መስኮት እንዲኖረው ያስገድዳል። የማምለጫ መስኮት ሲከፈት የሚገኘው ክፍት ቦታ 5.7 ስኩዌር ፊት፣ መሬት ላይ ባለ ክፍል 5 ስኩዌር ፊት መሆን አለበት፤ ቁመቱ ከ24፣ ስፋቱ ከ20 ኢንች ማነስ፣ የታችኛው ጠርዙም ከወለሉ ከ44 ኢንች መብለጥ የለበትም። ይህን ሳያዩ የሣሉ ሰዎች አንድ መኝታ ቤት ለማግኘት ሌላውን ያጣሉ፤ መጨረሻ ላይ የመኝታ ቤቱ ቁጥር ያው ይሆናል። ለጋራዡም ይኸው ልክ ይሠራል፤ መስኮቱ በአጥር ፊት ከሆነ በሌላ በኩል ቦታ ይፈለግለታል።

ሁለተኛው የጣሪያው መገጣጠሚያ ነው። ውሃ የሚያስገባው በአብዛኛው አሮጌውና አዲሱ ጣሪያ የሚገናኙበት መስመር ስለሆነ፣ የቤቱ ጣሪያ አርጅቶ ከሆነ ሁለቱንም አንድ ላይ ማልበስ ይሻላል። ወጪው ያኔውኑ ወደ ሒሳቡ ይግባ።

ሦስተኛው ኑሮ ነው። ጋራዥ ሲሠራ ቤተሰቡ በሰላም ይኖራል፤ ማስፋፊያ ሲሠራ ግን ግድግዳ ይፈርሳል፣ አቧራው ምግብ ላይ ይደርሳል፣ ለቀናትም ውሃና መብራት ይቋረጣል። ሕፃን ወይም የመተንፈሻ ሕመም ያለበት ሰው በቤቱ ካለ፣ ግድግዳው የሚፈርስበትን ሳምንት ከኮንትራክተሩ ጋር በጽሑፍ ይስማሙና ያን ጊዜ ሌላ ማረፊያ ያዘጋጁ።

አምስተኛ ደረጃ፦ ሥራው በሕግ ምን እንደሚባል ይወስኑ

እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 2020 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋሉት የካሊፎርኒያ ሕጎች ጋራዥን ወደ ኤዲዩ መለወጥን በጣም አቅልለውታል። ከተማው የተሟላ ማመልከቻ በደረሰው በ60 ቀን ውስጥ መወሰን አለበት፤ ጎረቤት ተጠርቶ የሚሰማበት ስብሰባም የለም። በተለወጠው ጋራዥ ፈንታ ሌላ የመኪና ማቆሚያ እንዲሠሩ አይጠየቁም፤ ነባሩ ጋራዥ አጥር ላይ ተለጥፎ ቢቆምም ራቅ እንዲል አይገደድም። ልብ ይበሉ፦ ይህ መብት የተሰጠው ጋራዡ ራሱን የቻለ መኖሪያ ሲሆን ነው። ጋራዡን ለራስዎ ሳሎን ወይም ተጨማሪ መኝታ ቤት ብቻ ካደረጉት እንደ ተራ ማስፋፊያ ስለሚቆጠር የመኪና ማቆሚያ ተተኪ ሊጠየቁ ይችላሉ። ተመሳሳይ ግድግዳ፣ ተመሳሳይ ጣሪያ፣ በማመልከቻው ላይ በተጻፈው ስም ብቻ የተለየ ውጤት ያመጣል።

ማስፋፊያውም ቢሆን ከቤቱ ጋር የተያያዘ ኤዲዩ ሆኖ ሊመዘገብ ይችላል። ስፋቱ የነባሩ ቤት ግማሽ እንዳይበልጥ ሊገደብ ይችላል፤ ሆኖም ከተማው እስከ 800 ስኩዌር ፊት ያለውን ሊከለክል አይችልም፤ ከጎንና ከኋላ አጥር 4 ጫማ መራቅ ይበቃል። ጋራዡ ከቤቱ ጋር የተጣበቀ ከሆነ ደግሞ ጁኒየር ኤዲዩ የሚባለውን ያስቡበት፦ ከ500 ስኩዌር ፊት የማይበልጥ፣ የራሱ መግቢያና አነስተኛ ወጥ ቤት ያለው፣ መታጠቢያ ቤቱን ግን ከዋናው ቤት ጋር ሊጋራ የሚችል ነው። ለወላጅ ይህ ከሁለቱም ወገን መልካሙን የሚሰጥ ይመስለኛል።

ከ750 ስኩዌር ፊት በታች የሆነ ኤዲዩ የከተማውን የልማት ተፅዕኖ ክፍያ፣ ማለትም አዲስ ግንባታ በከተማው አገልግሎት ላይ ለሚያመጣው ጫና የሚጠየቀውን፣ አይከፍልም። ተነጥሎ አዲስ የሚሠራ ኤዲዩ የፀሐይ ኃይል ፓነል ሲጠየቅ የተለወጠ ጋራዥ አይጠየቅም፤ ስለዚህ አፍርሶ መሥራትን ከመረጡ ይህን ወጪ ይጨምሩ። በተራራማና ለእሳት በተጋለጠ ክልል ያለ ቤት እሳት የሚቋቋም የውጭ ሽፋንና መስኮት ይጠየቃል። ከ30 ቀን ላነሰ ጊዜ ለማከራየት ያሰበ ሰው ሐሳቡን ይተው፤ ለዚህ አይፈቀድም።

ቤቱን ሲገዙ ቀድሞውኑ ያለ ፈቃድ የተለወጠ ጋራዥ ያገኙ ብዙዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ2020 በፊት የተሠራ ከሆነ፣ በ2025 መጀመሪያ በሥራ ላይ የዋለው ሕግ ከተማው ለጤናና ለደኅንነት አስጊ ያልሆነውን ሕጋዊ እንዲያደርግ መንገድ ከፍቷል። አፍርሶ ከመጀመር በፊት ይህ ይጣራ።

ስድስተኛ ደረጃ፦ ዋጋውን በእኩል ሚዛን ያነጻጽሩ

«በስኩዌር ፊት ስንት ነው?» የሚለው ጥያቄ ለትንሽ ቤት አሳሳች ነው። ወጥ ቤቱና መታጠቢያ ቤቱ 300 ስኩዌር ፊት ላይም 600 ላይም ተቀራራቢ ገንዘብ ስለሚበሉ ትንሹ ቤት በስኩዌር ፊት ሁልጊዜ ውድ ሆኖ ይታያል። ከዚያ ይልቅ አንድ ወረቀት ላይ የሁለቱንም ጠቅላላ ወጪ በተመሳሳይ መደቦች ይጻፉ፦ ፕላንና የሕንፃው ጥንካሬ (ስትራክቸራል) ስሌት፣ ፈቃድ፣ መሠረትና ወለል፣ ፍሳሽ፣ የኤሌክትሪክ ፓነል፣ ጣሪያ፣ የውስጥ ሥራ። በእያንዳንዱ መደብ ላይ ከላይ የመረመሩትን ያስገቡ። ጋራዥ ውስጥ የነበረው ዕቃ ወዴት እንደሚሄድም ይጻፉ፤ በየወሩ የሚከፈል የዕቃ ማከማቻ ኪራይ ከዓመት ዓመት ይጠራቀማል። አሮጌ ግድግዳ ሲከፈት የሚታየው አይታወቅምና ለጋራዡ የሚይዙት መጠባበቂያ ለማስፋፊያው ከሚይዙት ከፍ ይበል። ለጋራዡ የወጣው ድምር አዲስ ለመሥራት ከሚያስፈልገው ሦስት አራተኛውን ካለፈ እኔ አዲሱን እመርጣለሁ።

የንብረት ግብር ብዙዎችን ያስፈራል። እ.ኤ.አ. በ1978 በጸደቀው የካሊፎርኒያ የንብረት ግብር ሕግ፣ ፕሮፖዚሽን 13፣ መሠረት እንደገና የሚገመተው አዲስ የተሠራው ክፍል ዋጋ ብቻ ነው፤ የነባሩ ቤት ግምት በዚህ ምክንያት አይነካም። ይህ ለጋራዡም ለማስፋፊያውም እኩል ይሠራል።

ሰባተኛ ደረጃ፦ ኮንትራክተሩን ይምረጡ

ቢያንስ ከሦስት ኮንትራክተሮች በጽሑፍ ዋጋ ይቀበሉ፤ ሦስቱም አንድ ዓይነት ፕላን ይዘው ይሁን። የፈቃድ ቁጥራቸውን በካሊፎርኒያ የኮንትራክተሮች ፈቃድ ቦርድ ድረ ገጽ ላይ ያስገቡና ፈቃዱ የጸና መሆኑን፣ የሠራተኞች የጉዳት ኢንሹራንስ ያለው መሆኑን ያረጋግጡ። ሕጉ ለቤት እድሳት የሚጠየቀው ቅድሚያ ክፍያ ከሥራው ዋጋ 10 በመቶ ወይም ከ1,000 ዶላር፣ ከሁለቱ ካነሰው፣ እንዳይበልጥ ይደነግጋል። «ዕቃ ለመግዛት» ብሎ አሥርና ሃያ ሺሕ ቀድሞ የሚጠይቅ ሰው ሕጉን እየጣሰ ነው። በቤትዎ ለተፈረመ ውል ሦስት የሥራ ቀን፣ ዕድሜያቸው 65 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑ አምስት የሥራ ቀን የመሰረዝ መብት አለ።

የአገር ልጅ መሆኑ፣ በቤተ ክርስቲያን ወይም በመስጊድ መተዋወቁ መልካም ነገር ነው፤ የውል ምትክ ግን አይሆንም። ውሉ ለሁለቱም ወገን ክብር ነው፤ ክፍያው ከሥራው ደረጃ ጋር ታስሮ ሲጻፍ ወዳጅነቱም ይጠበቃል። ለእያንዳንዱ ክፍያ ከኮንትራክተሩ ብቻ ሳይሆን ዕቃ ካቀረበውና በሥሩ ከሠሩት ሰዎችም የመብት መልቀቂያ ፊርማ ይቀበሉ። ኮንትራክተሩ ተቀብሎ ለእነሱ ካልከፈለ በካሊፎርኒያ ሕግ ቤትዎ ላይ የዕዳ መያዣ ማስመዝገብ ይችላሉና።

ስምንተኛ ደረጃ፦ ፍተሻዎቹን ይከታተሉ

ሥራው ሲጀመር የፈቃድ ካርዱ በቦታው ይኑር። ኢንስፔክተሩ የመሠረት ቁፋሮውን ኮንክሪት ከመፍሰሱ በፊት፣ በመሬት ሥር ያለውን ቧንቧ ከመቀበሩ በፊት፣ የግድግዳውን እንጨት፣ ሽቦና ቧንቧ ድራይዎል ከመመታቱ በፊት ያያል። ያልታየ ሥራ ከተሸፈነ እንዲገለጥ ሊታዘዝ ይችላል፤ የሚያስከፍለውም እርስዎን ነው። በየደረጃው፣ በተለይ ግድግዳው ከመዘጋቱ በፊት፣ እያንዳንዱን ግድግዳ ሜትር ዘርግተውበት ፎቶ ያንሡ፤ ቧንቧውና ሽቦው የት እንዳለ ከዚያ በኋላ የሚነግርዎት ያ ፎቶ ነው።

የመጨረሻው ፍተሻ ሲያልፍ የሎስ አንጀለስ የሕንፃና ደኅንነት መሥሪያ ቤት ቤቱ ሰው እንዲኖርበት መፈቀዱን የሚገልጽ የምስክር ወረቀት ይሰጣል። የመጨረሻውን ክፍያ ይህ ወረቀት በእጅዎ ከመግባቱ በፊት አይልቀቁ። በዚያው ሳምንት ለኢንሹራንስ ኩባንያዎ አዲሱን ክፍል ያስመዝግቡ፤ ተከራይ የሚገባበት ከሆነም ፖሊሲው የአከራይን ኃላፊነት የሚሸፍን እንዲሆን በጽሑፍ ይጠይቁ።